ገቢያችሁ ትንሽ ነው ብላችሁ ታክስ የማታሠሩ፣ ገንዘባችሁን እየተዋችሁት ነው

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ዲሲ አካባቢ ታክስ በነጻ በሚሠራበት ቦታ በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። በየዓመቱ የምሰማው ነገር ያው ነው፦ «ገቢዬ ትንሽ ስለሆነ ፋይል ማድረግ አይጠበቅብኝም።» ልክ ነው፣ ላይጠበቅባችሁ ይችላል። ግን ፋይል ካላደረጋችሁ የሚገባችሁም ገንዘብ አይመጣም። ማንም ደውሎ «ነይ ውሰጂ» አይልም። የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ራሱ እንደሚለው ኢአይቲሲ ከሚገባቸው አምስት ሰዎች አንዱ ሳይወስደው ይቀራል።

ኢአይቲሲ ለማታውቁት፣ እየሠራ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጥ የታክስ ክሬዲት ነው። ከ1975 ጀምሮ አለ። ከደሞዝ ተቆርጦ ከሚመለሰው ሪፈንድ ጋር አታምታቱት። የተቆረጠባችሁ ታክስ ዜሮ ቢሆን እንኳ ይኼኛው ይከፈላችኋል።

ለ2024 ታክስ ከፍተኛው ክፍያ እንዲህ ነበር። ልጅ ለሌለው 632 ዶላር፣ አንድ ልጅ ላለው 4,213፣ ሁለት ላለው 6,960፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ላለው 7,830። ሁለት ልጅ ያለው ሰው ብቻውን ፋይል ካደረገ ገቢው ከ55,768 በታች መሆን ነበረበት፤ ባልና ሚስት አብረው ከሆነ ከ62,688 በታች።

በቁጥር እንየው። ሆም ኬር የምትሠራ፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናት በ2024 32,000 ዶላር አገኘች እንበል። ኢአይቲሲዋ ወደ 5,000 ይመጣል። ልጆቹ 17 ዓመት ካልሞላቸው ደግሞ የልጅ ታክስ ክሬዲት አለ፣ ለ2024 ለእያንዳንዳቸው 2,000 ነበር። ከዚህ ወደ 1,000 የሚሆነው ያለባትን ታክስ ያጠፋላታል፣ ቀሪው 3,000 ገደማ በእጇ ይገባል። በድምሩ 8,000 ገደማ፤ ከደሞዟ የተቆረጠ የፌደራል ታክስ ካለ እሱም ይመለስላታል። ስቴቱም የራሱን ይጨምራል። ለ2024 ሜሪላንድ ልጅ ላላቸው የፌደራሉን ኢአይቲሲ 45 በመቶ፣ ዲሲ 70 በመቶ፣ ቨርጂኒያ 15 በመቶ ይሰጡ ነበር። የስንት ወር ኪራይ እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

ጥያቄ ካላችሁ ጣሉ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁንና (ሶሻል የምንለውን) አድራሻችሁን ግን እዚህ እንዳትጽፉ።

መኪና_አቋሚው፦
እኔ ፓርኪንግ ነው የምሠራው፣ 27 ሺህ ገባኝ፣ ላጤ ነኝ። ስንት ይደርሰኛል?

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
ወንድሜ፣ ከኢአይቲሲ ምንም። ልጅ ለሌለው ብቸኛ ሰው የ2024 የገቢ ጣሪያው 18,591 ነበር፣ ዕድሜውም ከ25 እስከ 64 መሆን አለበት። ግን ፋይል አድርግ፣ ከደሞዝህ ከሚገባው በላይ ተቆርጦ ከሆነ ትርፉ ይመለስልሃል።

መኪና_አቋሚው፦
በቃ ልወልድ ነዋ 😂

ሐና_ኤምዲ፦
እኔና ሁለቱ ልጆቼ ሶሻል አለን። ባለቤቴ ግን የለውም፣ አይቲን (ሶሻል ለሌለው አይአርኤስ የሚሰጠው የታክስ ቁጥር) ነው ያለው። አብረን ስናሠራ ሁልጊዜ «ኢአይቲሲ አይሰጣችሁም» ይሉናል። እውነት ነው ወይስ አላወቁበትም? አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ «ለብቻሽ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (ቤቱን ብቻዋን የምታስተዳድር) ብለሽ አሠሪ፣ ሁሉንም ታገኛለሽ» አለችኝ።

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
ሐናዬ፣ የነገሩሽ እውነት ነው። ለፌደራሉ ኢአይቲሲ ባልም ሚስትም ልጅም ለሥራ የሚያገለግል ሶሻል ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ አይቲን ከሆነ ይቀራል። የልጅ ታክስ ክሬዲቱ ግን ሌላ ነው። እሱ ለ2024 የሚያየው የልጁን ሶሻል ስለሆነ የአባትየው አይቲን አያስከለክላችሁም። ሳይሞሉላችሁ ቀርተው እንዳይሆን ያለፉትን ዓመታት ወረቀት አውጥተሽ እዪ።

ሌላው፣ ሜሪላንድ የራሱን ኢአይቲሲ ለአይቲን ፋይል አድራጊዎችም ይሰጣል። ከ2020 ታክስ ጀምሮ ነው። ይኼን የማያውቅ ታክስ ሠራተኛ ሞልቷል፣ አንቺው ጠይቂ።

የጓደኛሽን ምክር ተዪው። ባልሽ አብሮሽ እየኖረ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ መሆን አትችዪም። አንድ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ «ተለያይተናል» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፣ ውሸቱ ሲታወቅ ደግሞ የምትጠየቂው የፈረምሽው አንቺ እንጂ ጓደኛሽ አይደለችም።

ሐና_ኤምዲ፦
እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዛሬ ማታ ወረቀቶቹን አወጣለሁ።

ተጠራጣሪ፦
እኔ የማይገባኝ መንግሥት ከመቼ ወዲህ ነው ብር የሚያድለው? ነገ ግሪን ካርድ ሳስገባ «የመንግሥት ጥገኛ ነበርክ» ሊሉኝ? ይቅርብኝ። የአጎቴ ልጅ ፉድ ስታምፕም (የመንግሥት የምግብ እርዳታ) ይኼንንም ስለፈራ አልወሰደም።

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
ይኼ ፍርሃት ብዙ ቤተሰብ ጎድቷል። «ፐብሊክ ቻርጅ» የሚባለውን ማለትህ ነው። በ2022 የወጣው ደንብ የሚያየው በዋናነት እንደ ኤስኤስአይ ያለ የጥሬ ገንዘብ እርዳታንና በመንግሥት ወጪ ለረጅም ጊዜ ተቋም ውስጥ መኖርን ነው። የታክስ ክሬዲት እዚያ ውስጥ የለም። ፉድ ስታምፕም የለበትም፣ ለአጎትህ ልጅ ንገረው። ኢአይቲሲ ሳትሠራ አይገኝም፤ ገቢህ ዜሮ ከሆነ ክሬዲቱም ዜሮ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይህ ውስብስብ ከሆነ ጠበቃህን ጠይቅ፣ ያ ጥሩ ነው። ግን በወሬ ብቻ አትተወው።

ደግሞ ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ያላችሁ፣ ይኼ ገንዘብ እንደ ገቢ አይቆጠርባችሁም። ባንክ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ ለ12 ወር እንደ ንብረት አይታይም።

ኡበር_ማታ፦
እህቴ እኔ ኡበር ነው የምሠራው። ባለቤቴ ቤት ነች፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ ሁላችንም ሶሻል አለን። 1099-ኬ የሚባለው የገቢ ወረቀት ላይ 46,000 ይላል። ጓደኞቼ ኡበር ለሚሠራ ይኼ ነገር የለም አሉኝ። አንዱ ደግሞ «ማይል አታስቀንስ፣ ገቢህ ከፍ ሲል ክሬዲቱም ከፍ ይላል» ብሎኛል። ግራ ገባኝ።

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
ለሾፌሮች ስለሚጠቅም ዘርዘር ላድርገው።

1099-ኬ ላይ ያለው 46,000 ተሳፋሪው የከፈለው ነው እንጂ ኪስህ የገባው አይደለም። ኡበር የወሰደው አለ፣ 11,000 ነው እንበል። ከዚያ ማይል አለ። ለ2024 በአንድ ማይል 67 ሳንቲም ነበር። 28,000 ማይል ለሥራ ከነዳህ 18,760 ዶላር ይቀነሳል። የቀረህ 16,240 ነው። የአንተ ገቢ ማለት ይኼ ነው።

በዚህ ገቢ ኢአይቲሲህ ወደ 6,000 ይመጣል። ከልጅ ክሬዲቱ በእጅህ የሚገባው ወደ 1,900 ነው። በሌላ በኩል በራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ አለ፣ እሱ ወደ 2,300 ይሆናል። ተቀናንሶ 5,600 ገደማ ትወስዳለህ። «ኡበር ለሚሠራ የለም» ያሉህ ሰዎች ምናልባት 46,000 የሚለውን ብቻ አይተው ነው የደነገጡት።

ማይል አታስቀንስ ያለህን ግን አትስማ። ለኢአይቲሲ ሲባል ያወጣኸውን ወጪ መደበቅ አይቻልም፣ ሕጉ የሚፈቀድልህን ወጪ ሁሉ እንድታስቀንስ ያስገድዳል። ያልሠራኸውን ገቢ መጨመር ደግሞ የባሰ ነው። የማይል መዝገብህን ያዝ፣ ቀኑና ማይሉ የተጻፈበት። ስልክህ ላይ ቢሆንም ይሆናል፣ ብቻ በግምት አይሁን።

ኡበር_ማታ፦
ባለፈው ዓመት ያሠራኝ ሰውዬ ማይል ብሎም አልጠየቀኝ። 400 ዶላር ግን አስከፍሎኛል።

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
ማስተካከል ይቻላል። 1040-ኤክስ የሚባል ቅጽ አለ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሆነ ያለፈው ይታረማል።

ጋሽ_ታዛቢ፦
ልጄ ተባረኪ። እኔ እዚህ አገር ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ወጣቶች፣ ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው እጁን እዩት። ከሪፈንዱ በመቶኛ ነው የምወስደው ካላችሁ ውጡ። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሙ ካላችሁ ውጡ። እሱ ራሱ አልፈርምም ካለም ውጡ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ታክስ የሚሠራ ሰው ፒቲን የሚባል ቁጥር ኖሮት በሥራው ላይ መፈረም ግዴታው ነው። የባንክ ቁጥሩንም አንብቡ። አንድ የማውቀው ልጅ ሪፈንዱ የገባው በሠራለት ሰውዬ አካውንት ነበር። ለምኖ ግማሹን አገኘ። ቋንቋችንን ስለተናገረ ብቻ ሰው አይታመንም፣ ያሳፍራል ግን እውነት ነው።

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። «ዛሬውኑ ብር እንሰጥሃለን» የሚሉትም ብድር ነው የሚሰጡት። ኢአይቲሲ ያለበትን ሪፈንድ አይአርኤስ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ እንዳይለቅ ሕግ ያስገድደዋል። አብዛኛው ሰው አካውንቱ ውስጥ የሚያገኘው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም በማርች መጀመሪያ ነው። ማንም ሊያፋጥነው አይችልም። አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የት እንደደረሰ ማየት ትችላላችሁ።

አጎትየው፦
ሰላም። እህቴ ከነልጆቿ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ሁለት ናቸው፣ ሰባትና አሥር ዓመት። እሷ ባለፈው ዓመት አልሠራችም። ልጆቹን በታክስህ ላይ አንተ አስገባቸው ትላለች። ይቻላል? ደግሞ ሌላ ስቴት ያለ የአክስታችን ልጅ «ልጆቹን ለኔ አበድሪኝ፣ እንካፈላለን» እያላት ነው።

ተጠራጣሪ፦
ልጅ ማበደር 😳 እንደ ጋቢ?

ሐና_ኤምዲ፦
ኧረ ሰው ምን አይሰማም! ግን እውነቱን ለመናገር እኛም ሰፈር አለ።

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
አጎትየው፣ አንተ ትችላለህ። የእህት ወይም የወንድም ልጅ ይቆጠራል፣ ከግማሽ ዓመት በላይ አሜሪካ ውስጥ አንተ ቤት ከኖሩ። እናትየው እዚያው ስላለች ቅድሚያው የሷ ነው። እሷ ልጆቹን ካላስገባች፣ ያንተም ገቢ ከሷ ከበለጠ፣ ሕጉ ይፈቅድልሃል። እሷም ገቢ ስለሌላት ምንም አይቀርባትም።

የአክስትህ ልጅ ግን ማጭበርበር ነው የሚላችሁ። ልጆቹ እሱ ቤት አንድ ሌሊት አላደሩም። ሲያዝ ገንዘቡን ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይመልሳል፣ ማጭበርበር መሆኑ ከተረጋገጠ ለ10 ዓመት ኢአይቲሲ ይከለከላል። በግዴለሽነት ከሆነ 2 ዓመት። ደግሞ እኮ እሱ የልጆቹን ሶሻል ካስገባ በኋላ አንተ በኮምፒውተር ስትልክ ወዲያው ሊመለስብህ ይችላል፣ «እነዚህ ልጆች ሌላ ሰው አስገብቷቸዋል» ተብሎ። እውነተኛው አንተ ሆነህ የምትንገላታው አንተ ነህ። ቁጥራቸውን አትስጡት።

አጎትየው፦
ሰጥታዋለች መሰለኝ። ልደውልላት።

ዲቪ_2024፦
እኛ በዲቪ በኦገስት 2024 ነው የገባነው። እኔ፣ ባለቤቴና አንድ ልጅ። ወዲያው ሥራ ጀምረን ደብሊው 2 (የዓመቱ የደሞዝ ወረቀት) መጥቶልናል። ጎረቤታችን 4 ሺህ ምናምን ታገኛላችሁ ብሎናል፣ ሶፋ ሁሉ መርጠናል።

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
እንኳን በደህና መጣችሁ። ሶፋውን ለከርሞ አቆዩት። ልጁ ከግማሽ ዓመት በላይ እዚህ መኖር አለበት፣ ከኦገስት እስከ ዲሴምበር ደግሞ አይሞላም። እናንተም የዓመቱን ክፍል ነዋሪ ስላልነበራችሁ የ2024 ኢአይቲሲ የላችሁም። ግን ፋይል ማድረግ አለባችሁ፣ የተቆረጠባችሁም ሊመለስ ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት አሞላል ለየት ስለሚል የሚያውቀው ሰው ይሥራላችሁ። ለ2025 ግን ዓመቱን ሙሉ እዚህ ከነበራችሁ ነገሩ ይለወጣል።

ዲቪ_2024፦
ቁርጡን ማወቅ ይሻላል። እናቴንስ? አዲስ አበባ ነው ያለችው፣ በየወሩ እልካለሁ።

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
እናትህን ማስገባት አትችልም። ዲፔንደንት (በታክስህ ላይ የምታስገባው ጥገኛ) የሚባለው የአሜሪካ ዜጋ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ ካልሆነ አይቆጠርም። የምንልከው ብር ለታክስ አይረዳንም። እዚያ አያት ጋ የሚያድጉ ልጆችም ለኢአይቲሲ አይሆኑም። ለክረምት አያት ጋ ሄዶ የተመለሰ ልጅ ግን ቤቱ እዚህ ስለሆነ እንዳልተለየ ነው የሚቆጠረው።

ያለ_ስም፦
አሳይለሜ (የጥገኝነት ጥያቄዬ) ገና በእንጥልጥል ላይ ነው። ሶሻሌ ላይ «ለሥራ የሚያገለግለው ከዲኤችኤስ (የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ጋር ብቻ» የሚል ተጽፎበታል። ይሄ ያስከለክላል?

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
አያስከለክልም፣ የሥራ ፈቃዱ እስካልወደቀ ድረስ። የሚያስቸግረው «ለሥራ አያገለግልም» ተብሎ የተጻፈበት፣ የመንግሥት እርዳታ ለማግኘት ብቻ የተሰጠው ዓይነት ነው።

የልጆቼ_እናት፦
ከባለቤቴ ጋር ተለያይተናል፣ ፍቺው ገና አላለቀም። ከሜይ ጀምሮ ሌላ ቤት ነው የሚኖረው። ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው። እሱ ግን ቀድሞኝ አስገብቷቸዋል። «ፍርድ ቤት አንዱን ልጅ ሰጥቶኛል» ይላል። እኔ በቃ ተውኩት፣ ለመጨቃጨቅ አቅም የለኝም።

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
እህቴ አትተዪው። ባለትዳር ብትሆኑም የዓመቱን የመጨረሻ ስድስት ወር ተለያይታችሁ ከኖራችሁ፣ ልጆቹም ከግማሽ ዓመት በላይ አንቺ ጋ ከኖሩ፣ ለብቻሽ ፋይል አድርገሽ ኢአይቲሲ መውሰድ ትችያለሽ። ይኼ ከ2021 ጀምሮ የተፈቀደ ነው።

ፍርድ ቤት ስላለው ነገር፦ አንቺ 8332 የሚባል ቅጽ ፈርመሽ ከሰጠሽው የልጅ ታክስ ክሬዲቱን ሊወስድ ይችላል። ኢአይቲሲን ግን በፊርማም በስምምነትም ማስተላለፍ አይቻልም። ልጁ የኖረው ማን ጋ ነው? የሱ ነው። እሱ ቀድሞ ስላስገባ አይጸድቅለትም፣ አንቺም አስገቢ። አይአርኤስ ለሁለታችሁም ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል፣ ያኔ ማስረጃ ያለው ይወስዳል።

የልጆቼ_እናት፦
ምን ዓይነት ማስረጃ? አይአርኤስ ሲባል እግሬ ይንቀጠቀጣል።

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
የልጆቹ ስም፣ ያንቺ አድራሻና ቀኑ የሚታይበት ወረቀት። የትምህርት ቤት፣ የሕፃናት ሐኪም፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የዴይኬር። አንድ ወረቀት ሁሉንም ካልያዘ ሁለት ሦስቱን አያይዢ። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በራሱ አርማ በታተመ ወረቀት ላይ ጽፎ የሚሰጠውም ይቀበላል። ደብዳቤው ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አትክተቺው። በተሰጠው ቀን ውስጥ ካልተመለሰ በዝምታ ይወሰንብሻል። የኛ ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ጋ ነው፤ ፖስታውን ሳይከፍት።

ጋሽ_ታዛቢ፦
በዚህስ ልክ ነሽ።

ተጠራጣሪ፦
እሺ አሳመንሽኝ። እኔ 2021ን ጭራሽ ፋይል አላደረግኩም። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፣ በዚያ ዓመት ብዙም አልሠራሁም። ሞቷል አይደል?

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
ሞቷል፣ ያሳዝናል። የ2021 ሪፈንድ የሚጠየቅበት ቀን ኤፕሪል 15፣ 2025 አብቅቷል። 2021 ደግሞ ተራ ዓመት አልነበረም። የልጅ ክሬዲቱ ከ6 ዓመት በታች ለሆነ 3,600፣ ከዚያ በላይ እስከ 17 ዓመት 3,000 ነበር፤ ገቢ ለሌለውም ይሰጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው 1,400 የነበረው የኮቪድ ክፍያም በዚያው ዓመት ታክስ ነበር የሚጠየቀው። ከዚያ ላይ በዚያን ጊዜ የተላከልህ ካለ ይቀነስ ነበር። ሶሻላችሁም በጊዜው የነበረ መሆን ነበረበት፣ በኋላ የወጣ ሶሻል ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ያልጠየቅከው ሌላ ዓመት ካለ ሦስት ዓመቱ ሳያልፍ ተንቀሳቀስ፣ ነገ አትበል።

ተጠራጣሪ፦
ኧረ በስመአብ። ነበረን ሁላችንም።

መኪና_አቋሚው፦
ተጠራጣሪ ሊከብር ነበር። ስም ቀይር በቃ 😂

ሐና_ኤምዲ፦
ነጻ የሚሠራበትን ቦታ እንዴት እናገኛለን? ምንስ ይዘን እንምጣ?

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
ፕሮግራሙ ቪታ ይባላል። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ሰዎችን ያስተናግዳል፤ በ2025 ጣሪያው በአብዛኛው 67,000 ዶላር ነበር። በ800-906-9887 ደውላችሁ የቅርባችሁን ጠይቁ። ቤተ መጻሕፍትና የማኅበረሰብ ማዕከላት ውስጥ ብዙ አሉ። አስተርጓሚ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም ቦታ አማርኛ የለም። ኡበር የምትሠሩም ወጪያችሁ ከ35,000 ካልበለጠና ኪሳራ ካላሳያችሁ ይሠሩላችኋል።

ስትመጡ መታወቂያ፣ የሁሉንም ሰው ሶሻል ወይም አይቲን፣ ደብሊው 2 እና 1099 በሙሉ፣ ያለፈው ዓመት ታክስ ካለ እሱን፣ የባንክ ቁጥር። ዴይኬር የምትከፍሉ የዴይኬሩን የታክስ ቁጥር። የጤና ኢንሹራንሳችሁን በማርኬትፕሌስ (በመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ) የገዛችሁ 1095-ኤ የሚባለውን ቅጽ። ባልና ሚስት አብራችሁ ከሆነ ሁለታችሁም ኑ፣ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። በየቀኑ አንዱን ቤት ትቶ የሚመጣ አለ፣ መልሰን እንልከዋለን።

ዲቪ_2024፦
1095-ኤ የሚባለው በፖስታ ነው የሚመጣው?

በጎ_ፈቃደኛዋ፦
በፖስታም ይመጣል፣ ማርኬትፕሌስ አካውንትህ ውስጥም አለ። ከዚያ አውርደህ አትመው። እሱ ሳይኖር ብትመጣ ልንጨርስልህ አንችልም።

አጎትየው፦
ደወልኩላት። ሰውዬው እስካሁን አላስገባም። እኛ ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል።